ከህንድ በመጣው «የደም ማነስ ቅጠል» ውስጥ ያለው ብረት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች አንዱ በጣም ስለተደጋገመ፣ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብያለሁ። ጥያቄው ሁልጊዜ ከፎቶ ጋር ነው የሚመጣው። አንድ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ የህንድ ፊደል፣ የቅጠልና የሥር ሥዕል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ለሕክምና ህንድ ሄዶ ሲመለስ ለደም ማነስሽ ብሎ አመጣልኝ። የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል?» አንዳንዴ እህት ከዱባይ የላከችው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤት «እኔን አድኖኛል» ብላ ያካፈለችው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ብልቃጡ ላይ «ሎሃ»፣ «ሎህ» ወይም «ማንዱር» የሚል ስም ካለ (በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎም ቢሆን ታነቡታላችሁ) ውስጡ ያለው ቅጠል ብቻ አይደለም። ብረት ነው። ሎሃ በሳንስክሪት ብረት ማለት ነው። ጤና ጣቢያ የምንሰጣችሁ ክኒን ብረት ናት፣ ይሄም ብረት ነው። ልዩነቱ የኛዋ ስንት ሚሊግራም ብረት እንደያዘች መታወቁ ነው። የዚያኛው ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ከብረቱ ጋር ሌላ ምን አብሮ እንደገባም እንደዚያው።

ረጅሙን መልስ ለምትፈልጉ እንቀጥል። እውነቱን ለመናገር ርዕሱ ለእኔም ከጠበቅኩት በላይ የሚስብ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ሀገር «ደሜ አንሷል» ከሚለኝ ሰው ግማሹ የሚያወራው ስለ ደም ግፊት መውረድ ነው። ዛሬ የማወራው ስለሱ አይደለም። የማወራው ስለ ሄሞግሎቢን ነው፤ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ስለሚሸከመው። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት 12፣ ለነፍሰ ጡር 11 (በእርግዝናው መካከለኛ ሦስት ወር 10.5)፣ ለወንድ 13 ግራም በዴሲሊትር ነው፤ ከዚያ በታች ሲሆን ደም ማነስ እንላለን። ከፍታ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ቁጥሩ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ የተለካ 12 እና አዋሽ ላይ የተለካ 12 እኩል አይደሉም። ደም ማነስ የሚያመጣው ነገር ብዙ ነው። በጣም የተለመደው ግን የብረት እጥረት ነው።

ህንዶቹ ስለዚህ ነገር ምን ይላሉ?

አዩርቬዳ የሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና የራሱ መጻሕፍት፣ የራሱ ትምህርት ቤትና የራሱ ሐኪሞች ያሉት ሥርዓት ነው። ህንድ ውስጥ አምስት ዓመት ተኩል ተምረው በዲግሪ ይመረቁበታል፤ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ለባህላዊ ሕክምናዎቹ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አላቸው። ከዋናዎቹ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ቻራካ ሳምሂታ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ስለ ሕክምና በሚያወራው ክፍሉ ውስጥ 16ኛውን ምዕራፍ ለአንድ በሽታ ሰጥቶታል፤ «ፓንዱ» ለሚባል። ፓንዱ ማለት የገረጣ፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ማለት ነው። የማሃባራታን ታሪክ በፊልም ያያችሁ ንጉሥ ፓንዱን ታስታውሱ ይሆናል፤ ስሙ የወጣለት በገረጣ መልኩ ነው።

ቻራካ የሚዘረዝራቸውን ምልክቶች ሳነብ ተመላላሽ ክፍል ፊቴ የተቀመጠች ታካሚ የምትነግረኝ ነው የመሰለኝ። ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ጆሮ ውስጥ መጮህ፣ ማዞር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የባት ሕመም። ይሄ ሁሉ እሺ። ከዚያ ደግሞ ብርድ አለመውደድ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ ማውራት መሰልቸት። ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ፣ ሰውን በማየት ብቻ! ደም ያነሳት ሴት ቤት ውስጥ «ነገረኛ ሆንሽ» እንደምትባል የጻፈ ሐኪም ሁሉ አይደለም።

ግን ከዚህም በላይ ያስገረመኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ ፓንዱን አምስት ዓይነት አድርጎ ይከፍለዋል። አራቱ አዩርቬዳ ሰውነትን ያንቀሳቅሳሉ ከሚላቸው ከሦስቱ ኃይሎች፣ ከቫታ፣ ከፒታና ከካፋ መዛባት የሚመጡ ናቸው (ሦስቱ ለየብቻ፣ አራተኛው ሦስቱም ሲዛቡ)። አምስተኛው ግን አፈር ከመብላት የሚመጣ ደም ማነስ ነው።

አፈር! እናቶቻችን ጋ ያለውን ታውቃላችሁ። ነፍሰ ጡሯ አፈር፣ የሸክላ ስባሪ፣ ጠመኔ፣ አመድ ያምራታል። «አምሮት ነው፣ ስጧት፣ ካልበላች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ይባላል። ዛሬ የምናውቀው ምግብ ያልሆነ ነገር ማማር ከብረት እጥረት ጋር በጣም የተያያዘ መሆኑን ነው። በረዶ መቆርጠም የሚያምረው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረቱ ያለቀ ሆኖ ይገኛል። ቻራካ አፈሩ በሽታውን ያመጣል ይላል፤ እኛ ደግሞ የብረት እጥረቱ አፈሩን ያስመኛል እንላለን። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዳንድ የሸክላ አፈር አንጀት ውስጥ ብረትን ይዞ እንዳይገባ ያደርጋል፣ የትላትል እንቁላልም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከመሐላችሁ አፈር የሚያምራት ካለች አትፈሩ፣ አትደብቁትም፤ ሄሞግሎቢናችሁን ተለኩ።

አፈር መብላቱን አልተው ላለ ሰው ምን እንደሚታዘዝ ልንገራችሁና ልለፍ፤ አፈሩን በመራራ ቅጠል ለውሶ መስጠት፣ እንዲጠላው። ልጅ ጡት ሲያስጥሉ እሬት የሚቀቡ እናቶች ይሄን ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። ፓንዱ እና «የብረት እጥረት ደም ማነስ» አንድ ነገር አይደሉም። ያው ምዕራፍ የዓይን ቢጫ መሆንንም አብሮ ያወራል፤ ያ ደግሞ ዛሬ ጉበት ወይም የደም ሴል መሰባበር የምንለው ነው። የቪታሚን ቢ12 ማነስ ያገረጣል፣ የኩላሊት ድካም ያገረጣል፣ በአንዳንድ የህንድ አካባቢዎች የሚበዛው ታላሴሚያ የሚባል የዘር በሽታም ያገረጣል። ታላሴሚያ ላለበት ሰው ያለ ምርመራ ብረት መጨመር ደግሞ ጉዳት ነው፤ ብረቱ ልብና ጉበት ላይ ይከማቻል። መልክ አይቶ መድኃኒት መስጠት እዚህ ጋ ነው የሚሰናከለው።

ብረቱ እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

«ባስማ» የሚባል ነገር አለ፤ አመድ ማለት ነው። ሎሃ ባስማ የብረት አመድ እንደማለት ነው። አሠራሩ የባለእጅ ሥራ ይመስላል። ብረቱ ፍም እስኪመስል ይግላል፣ ከዚያ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ደግሞ ይግላል፣ ይነከራል፤ ሰባት ጊዜ። ቀጥሎ አሬራ፣ ከዚያ የከብት ሽንት፣ ከዚያ የኮመጠጠ የእህል ውኃ፣ ከዚያ የጥራጥሬ ቅቅል፤ በእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ጊዜ። ብረቱ ተሰባብሮ ሲደቅ በዕፅዋት ጭማቂ ታሽቶ በሁለት ሸክላ መሐል ይታሸግና በኩበት እሳት ይቃጠላል። ይሄም ደጋግሞ ነው። የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው ጣት ላይ ሲታሽ የጣት መስመር ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ውኃ ላይ ሲነሰነስ ደግሞ የሚንሳፈፍ ከሆነ ነው። ማንዱር የሚባለው ደግሞ ብረት ሲቀልጥ ከሚወጣው ዝቃጭ ነው የሚሠራው፤ መቶ ዓመት የሞላው ዝቃጭ ይመረጣል ይላሉ መጻሕፍቱ።

በኬሚስትሪ ቋንቋ ካየነው መጨረሻ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ዝገት የምንለው ዘመድ፣ በጣም የደቀቀ። ሰውነት ከዚህ የሚወስደው ብረት ጤና ጣቢያ ካለው ፌረስ ሰልፌት ያነሰ ነው። «የህንዱ ሆዴን አይቆርጠኝም፣ የናንተው ይቆርጠኛል» የምትሉኝ አልተሳሳታችሁም። የሚሟሟው ብረት ሲያንስ ሆድ የሚቆጣውም ያንሳል።

በነገራችን ላይ በብረት ደም ማከም የህንዶች ብቻ አይደለም። አውሮፓ ውስጥም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የገረጡ ልጃገረዶች ብረት የተዘፈዘፈበት ወይን ይታዘዝላቸው ነበር፤ ብሎ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የብረት ክኒኑን ያስተዋወቀው በ1832 እ.ኤ.አ. ነው። የዛሬዋ ክኒን የሱ ልጅ ናት ማለት ይቻላል።

ወደ ህንዱ ልመለስ። በዚያው የቻራካ ምዕራፍ ውስጥ «ናቫያስ» የሚባል ቅመማ አለ፤ ናቫ ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ ዕፅዋት እኩል እኩል፣ በላያቸው የሁሉንም ድምር የሚያህል ብረት። ግማሹ ዕፅ፣ ግማሹ ብረት መሆኑን ልብ በሉ። በማርና በቅቤ ነው የሚወሰደው። ዘጠኙ ዕፅዋት ውስጥ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ አሉ፣ የኛ ጥምዝ ዘመድ የሆነው የህንድ ረጅሙ በርበሬም አለ። አምላ የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ አለ፤ በቪታሚን ሲ የታወቀ ነው፣ ቪታሚን ሲ ደግሞ ብረት አንጀት ውስጥ እንዲሟሟና እንዲገባ ይረዳል። ይሄ በጣም ጥሩ ነው።

ከዘጠኙ አንዱ ቪዳንጋ ይባላል። ምን መሰላችሁ? የኛ የእንቆቆ የቅርብ ዘመድ ነው፣ አንድ የዕፅዋት ወገን ናቸው። እዚያም አገልግሎቱ እንደኛው ነው፤ ትል ማስወጣት። የደም ማነስ መድኃኒት ውስጥ የትል መድኃኒት ምን ያደርጋል? መጻሕፍቱ ምክንያቱን በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚያስረዱት። እኔ ግን መንጠቆ ትል በየቀኑ ከአንጀት ግድግዳ ደም እየመጠጠ ሰውን እንደሚያገረጣ ስለማውቅ፣ እዚያ ቦታ ላይ ማግኘቴ አስደስቶኛል። (ይሄን አንብባችሁ እንቆቆ ፍለጋ እንዳትወጡ። የአልበንዳዞል ክኒን አለ፣ መጠኑም የታወቀ ነው።)

በሌላ በኩል ከዘጠኙ ሁለቱ፣ ሃሪታኪና ቢቢታኪ የሚባሉት ፍሬዎች፣ ቆዳ ፋቂዎች ቆዳ የሚያለፉባቸው ናቸው። በውስጣቸው ያለው ታኒን ብረትን አጥብቆ ይይዛል። ሻይ ከምግብ ጋር አትጠጡ የምላችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ አንዱ ዕፅ በሩን ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል፤ ድምሩ ምን እንደሆነ በቃል ክርክር አይታወቅም፣ በመለካት ነው።

ታዲያ ይሠራል?

ህንድ ውስጥ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ በፑናርናቫ ማንዱር፣ በዳትሪ ሎሃና በመሳሰሉት። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ አንዳንዶቹ የሚያነጻጽሩት ቡድን የላቸውም፤ ሄሞግሎቢን ከፍ ማለቱን ግን ያሳያሉ። ይሄ ለእኔ አይገርመኝም። ብረት የጎደለው ሰው ብረት ሲሰጠው ሄሞግሎቢኑ ቢነሳ ምን ይገርማል? ጥያቄው ከተለመደው ክኒን ይበልጣል ወይ፣ ንጹሕ ነው ወይ የሚለው ነው። የህንድ መንግሥት ራሱ በ2018 እ.ኤ.አ. በጀመረው ሀገር አቀፍ የደም ማነስ ዘመቻ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለተማሪዎችና ለሕፃናት ያደለው የተለመደውን ብረትና ፎሊክ አሲድ ነው። ችግሩም ቀላል አይደለም፤ ከ2019 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በተደረገው የቤተሰብ ጤና ጥናታቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 57 በመቶው ደም ያነሳቸው ነበሩ። የኛ የ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት ለተመሳሳይ ዕድሜ 24 በመቶ ነው ያገኘው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻችን ላይ ግን 57 በመቶ። ስለዚህ ማንም በማንም ላይ የሚኩራራበት ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ክፍል ልምጣ።

በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቦስተን አካባቢ ካሉ ሱቆች 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተገዝተው ተመረመሩ፤ 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኘ። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ያው ቡድን በኢንተርኔት የተገዙ 193 ምርቶችን ሲመረምር ውጤቱ ያው ከአምስት አንድ ገደማ ሆነ። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፣ ከባዱን መርዛማ ማዕድን ነው። አንዳንዱ ሳይታሰብ ከአፈርና ከማሽን የሚገባ ነው፤ አንዳንዱ ግን እያወቁ የሚጨምሩት ነው፣ ምክንያቱም የአዩርቬዳ አንዱ ቅርንጫፍ ማዕድናትን «በማጥራት» መድኃኒት ያደርጋል። በኒው ዮርክ ከተማ በ2011 እና 2012 እ.ኤ.አ. ስድስት ነፍሰ ጡር ሴቶች ከህንድ በመጣ የአዩርቬዳ መድኃኒት ምክንያት ደማቸው ውስጥ እርሳስ ከፍ ብሎ መገኘቱ ተመዝግቧል።

እርሳስ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ሰውነት ብረትን ሄሞግሎቢን ውስጥ የሚያስገባበትን ኢንዛይም ይዘጋል። ውጤቱ ደም ማነስ ነው። ለደም ማነስ የተገዛ ብልቃጥ ደም ማነስ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው! ሆድ ይቆርጣል፣ ያደርቃል፣ ያደክማል፤ ሰውየው ደግሞ «በሽታዬ ባሰብኝ» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። የእንግዴ ልጅን አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል፣ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። በዓይን አይታይም፣ በጣዕም አይለይም። እኛ ጋ ደግሞ የደም እርሳስ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ለማርገዝ ካሰባችሁ፣ ወይም ለልጅ ልትሰጡት ከሆነ መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ሁለት ነገር ደግሞ በፍጥነት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፌኒቶይን የምትወስዱ፣ ቁንዶ በርበሬና የህንዱ ረጅም በርበሬ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የመድኃኒቱን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። «ጊሎይ» ወይም «ጉዱቺ» የሚል ስም ካያችሁ ደግሞ፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የህንድ የጉበት ሐኪሞች ራሳቸው ከዚህ ተክል ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት ሪፖርት አድርገዋል። የጉበት ችግር ያለባችሁ ራቁት።

የሚያፈስ እንስራ

አንዲት እናት ልንገራችሁ፤ አስፈቅጃቸው፣ የሚለያቸውን ነገር ሁሉ አውጥቼ ነው የምጽፈው። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው። ልጃቸው ዱባይ ትሠራለች፤ ለእናቷ ደም ማነስ ከህንዶች ሱቅ ፑናርናቫ ማንዱር ገዝታ ላከች። ሰባት ወር ወሰዱት። መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ተሻላቸው፤ የያዙት የላቦራቶሪ ወረቀት ከ7.4 ወደ 9.6 መነሳቱን ያሳያል። እኔ ጋ ሲመጡ ግን 8.2 ነበር፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ።

«የኔ ልጅ፣ ተሽሎኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

«ተሽሎዎት ነበር እናቴ፣ ወረቀቱም ይመሰክራል። የወር አበባ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«እሱማ ስምንት ዓመት አልፎታል።»

«ሰገራዎ ጠቁሯል?»

«ጠቁሯል፤ መድኃኒቱ ነው ብላኛለች ልጄ።»

ልጅቷ ልክ ናት፤ ብረት ሰገራን ያጠቁራል። የኛም ክኒን ያጠቁራል። ግን ከላይኛው አንጀት የሚደማ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፣ እና አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የወር አበባ የሌላት ሴት፣ ወይም ወንድ፣ ብረቱ ካለቀ ብረቱ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። እንስራው ያፈሳል። ውኃ ብትጨምሩ ለጊዜው ይሞላል፣ ቀዳዳው ግን እዚያው ነው። ሪፈር ጻፍኩላቸው። የጨጓራ ምርመራው ንጹሕ ሆነ፤ የትልቁ አንጀት ምርመራ ግን በቀኝ በኩል ዕጢ አገኘ። ካንሰር ነበር። ወደ ሌላ አካል አልተሠራጨም ነበርና በቀዶ ሕክምና ወጣ። አሁን በክትትል ላይ ናቸው።

ይሄን የምነግራችሁ አዩርቬዳን ለመክሰስ አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ የኛን ክኒን ያለ ምርመራ ቢውጡም ታሪኩ ያው ነበር የሚሆነው። ጥሩ የአዩርቬዳ ሐኪም ፊት ለፊት ቢያገኛቸው ኖሮ ምናልባት እሱም ይጠይቃቸው ነበር። ችግሩ ብልቃጡ ባሕር ሲሻገር ሐኪሙ አብሮት አለመሻገሩ ነው።

ስለዚህ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ወንዶች በማንኛውም ዕድሜ፣ የወር አበባ ያቆማችሁ እናቶች፤ «ብረት አንሶሃል» ከተባላችሁ «ለምን አነሰኝ?» ሳትሉ ከክፍሉ አትውጡ። ቁስለት፣ ኪንታሮት፣ ትል፣ ካንሰር፤ አንዱ ነው። ወጣት ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የበዛ የወር አበባ ወይም ተደራራቢ እርግዝና ነው፤ ሆኖም በየሰዓቱ ሞዴስ የምትቀይር ሴት «የሁሉም እንዲህ ነው» ተብላ መቅረት የለባትም። ማዮማ ሊሆን ይችላል።

ከማዕድ ቤቱ የምወስደው

ከህንዶቹ አንድ ነገር ውሰድ ብትሉኝ ብልቃጡን ትቼ ድስታቸውን ነው የምወስደው። ህንድ ውስጥ በብዙ ቤት ከብረት የተሠራ መጥበሻ አለ፤ የድሮ መጽሐፎቻቸውም በብረት ዕቃ የተፈላ ወተት ለፓንዱ ያዛሉ። (ወተቱ ላይ አልስማማም፣ ካልሲየሙ ብረት እንዳይገባ ያግዳል። ዕቃው ላይ ግን እስማማለሁ።) ደግሞ ማስረጃው ከኛው ሀገር ነው የመጣው። በትግራይ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ 407 ልጆች ላይ በተሠራና በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጥናት፣ ለግማሹ ቤተሰብ የብረት ድስት፣ ለግማሹ የአሉሚኒየም ድስት ተሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ የብረት ድስት የደረሳቸው ልጆች ሄሞግሎቢን በአማካይ 1.7 ከፍ ሲል የሌሎቹ 0.4 ብቻ ነበር። ክኒን አልተጨመረም። ወጡ ራሱ ከድስቱ ብረት ወሰደ።

ተጠንቀቁ ግን፣ እኛ ቤት «ብረት ድስት» የምንለው አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። እውነተኛው ብረት ከባድ ነው፣ ካልደረቀ ይዝጋል፣ ማግኔት ይይዘዋል። ቡና የምንቆላበት ብረት ምጣድ ዓይነቱ ማለቴ ነው። ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ሲበስልበት የበለጠ ብረት ይለቃል።

ቀይ ሥር ጭማቂ ስለምትጠይቁኝም፤ ህንዶቹም ቀይ ሥርና ሮማን ይላሉ። ቀይ ስለሆነ ደም ይሆናል የሚለው እምነት እዚያም እዚህም አንድ ነው። ጠጡት፣ ጤናማ ነው፤ ግን ብረቱ ትንሽ ነው፣ ያነሰ ደም አይመልስም። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ ከሱ ይሻላል። ህንዶች ዶሳ የሚሉትን ቂጣ እንደሚያቦኩት እኛም እንጀራችንን ማቡካታችን ብረት የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ እርሾውን አክብሩት። ቡናውን ደግሞ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት አርቁት። ጀበናውን አንሱ አላልኩም!

ክኒኑ ሆዳችሁን ካስቸገረው ከማቆማችሁ በፊት ንገሩን። በየቀኑ ከመዋጥ አንድ ቀን እያለፉ መዋጥ ለብዙ ሰው ይቀላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ብረታቸው ባለቀ ሴቶች ላይ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱ ሰውነታቸው ከእያንዳንዱ ክኒን የተሻለ እንደሚወስድ አሳይቷል። የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስዱ በመሐላቸው አራት ሰዓት ይኑር። ሄሞግሎቢናችሁ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ካልተነሳ ወይ እየተዋጠ አይደለም፣ ወይ አይገባም፣ ወይ እንስራው ያፈሳል፤ ተመለሱ። ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ያህል ቀጥሉ፤ ክምችቱ የሚሞላው ያኔ ነው።

ብልቃጡን ቀድሞ የጀመራችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። አቁሙት፣ አትጣሉት፤ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ወር እንደወሰዳችሁ፣ በቀን ስንት እንደነበር ተናገሩ። የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የእጅ መዛል ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሂዱ። ፎቶውን ለኔ መላክ ትችላላችሁ፣ አነበዋለሁ፤ ግን በፎቶ እርሳስ አላይም።